የቀድሞ ፍቅረኛ አልላቀቅ ሲል፦ ዝምታ፣ እገዳ፣ ክስ ወይስ ቦታ መቀየር?

አሥራ ዘጠኝ ቀን ሙሉ አልመለሰችለትም። በየቀኑ ይደውላል፣ ይጽፋል፤ እሷ ስልኳን በግንባሩ ደፍታ ታስቀምጣለች። በሃያኛው ቀን፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ፣ ስልኩ ራስጌዋ ሲንዘፈዘፍ ትዕግሥቷ አለቀና ሦስት ቃል ጻፈችለት፦ «እባክህ እንድተኛ ተወኝ።» መልሱ አንድ ደቂቃ አልፈጀም። «ለካ ታነቢኛለሽ!» በማግስቱ ስልኩ ከወትሮው እጥፍ ጮኸ።

ይህችን ሴት በቅርብ አውቃታለሁ። ያደረገችው እንቅልፍ ያጣ ሰው ሁሉ የሚያደርገውን ነውና አልፈርድባትም። ሆኖም የነገሩ ግማሽ ምስጢር ያለው በዚያች ሌሊት ውስጥ ነው። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ስኪነር በርግቦች ላይ ባደረጋቸው ሙከራዎች እንዳሳየው፣ ቁልፍ በነቆረች ቁጥር እህል የምታገኝ ርግብ እህሉ ሲቋረጥባት ቶሎ ትተዋለች። አንዳንዴ ብቻ፣ ባልታሰበ ሰዓት እህል የሚወድቅላት ርግብ ግን እህሉ ከተቋረጠ በኋላም ለረጅም ጊዜ ትነቁራለች። ከአሥራ ዘጠኝ ቀን ዝምታ በኋላ የተላከ ሦስት ቃል ያ እህል ነው። ቃሉ ልመና ይሁን ስድብ ለሚጠብቀው ሰው ልዩነት የለውም።

ከቀድሞ ፍቅረኛ ክትትል ለመላቀቅ ያሉትን መንገዶች ጎን ለጎን ሳስቀምጥ የምመዝናቸው በሁለት ጥያቄ ነው። ይህን ባደርግ እሱ ከእኔ ምላሽ ያገኛል? ይህን ባደርግ እኔ እሱ የሚያደርገውን ማወቅ እችላለሁ? የመጀመሪያው መልስ «አያገኝም»፣ የሁለተኛው «እችላለሁ» የሆነበት መንገድ ይበልጣል። አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው አንዱን ለማግኘት ሌላውን ሲጥል ነው፤ ወይ ሁሉንም እያነበበ ይመልሳል፣ ወይ ሁሉንም ዘግቶ ጨለማ ውስጥ ይቀመጣል።

አንባቢዬን «አንቺ» እያልኩ፣ አሳዳጁን «እሱ» እያልኩ እቀጥላለሁ፤ ነገሩ በብዛት የሚደርሰው እንዲያ ስለሆነ ነው። ወንድ ሆነህ ይህ የደረሰብህ ከሆነ ምክሩ አይለወጥም። ያንተ ተጨማሪ ችግር ስትናገር የሚስቅብህ ሰው መብዛቱ ነውና የማይስቀውን ፈልግ።

ከሁሉ በፊት፦ አሰልቺ ነው ወይስ አደገኛ?

ከዚህ በታች ያለው ንጽጽር ሁሉ በዚህ ጥያቄ ላይ ይንጠለጠላል። በአውስትራሊያ የሠራው የሥነ አእምሮ ሐኪም ፖል ሙለን ከባልደረቦቹ ጋር በ1999 (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ሰው የሚያሳድዱ ሰዎችን በ5 ወገን ከፍሏቸዋል። ከአምስቱ እኛን በዋናነት የሚመለከተን «የተገፋው» የሚባለው ነው፤ ፍቅር ወይም ትዳር ሲፈርስ የሚነሣው። የዚህ ሰው ጠባይ ዕርቅንና በቀልን በአንድ ልብ መያዙ ነው። ጠዋት «ያላንቺ አልኖርም» ይላል፤ ማታ «አዋርድሻለሁ» ይላል። ብዙ ሴቶች የጠዋቱን ሰውዬ እውነተኛው፣ የማታውን ንዴት ያሳሳተው አድርገው ይወስዱታል። ይቅርታውም ዛቻውም የሚቀዱት ከአንድ ጉድጓድ ነው፤ ሁለቱም የሚፈልጉት እንድትመልሺ ነው።

አሰልቺው ይደውላል፣ ይጽፋል፣ በጓደኛ በኩል ሰላምታ ይልካል፤ ምላሽ ሲያጣ እየቀነሰ ይሄዳል። አደገኛው ምላሽ ሲያጣ ይጨምራል። አብራችሁ ሳላችሁ ይመታሽ ከነበረ፣ በተለይ አንገትሽን አንቆሽ የሚያውቅ ከሆነ፣ «እገድልሻለሁ» ወይም «ራሴን አጠፋለሁ» ካለ፣ መሣሪያ ካለው፣ ሳትነግሪው የት እንደዋልሽ ካወቀ፣ ቤትሽ ወይም ሥራ ቦታሽ መምጣት ከጀመረ፣ ንብረትሽን ከሰበረ፣ «አትቅረብ» ተብሎ በሕግ ተነግሮት ከቀረበ፣ ጉዳዩ ከአሰልቺነት አልፏል። ከእነዚህ መካከል ማነቅን ሰዎች አቅልለው ያዩታል፤ ብዙ ጊዜ በቆዳ ላይ ምልክት ስለማይተው ነው። በ2008 የታተመ የአሜሪካ ጥናት ግን በባሏ ወይም በፍቅረኛዋ ታንቃ የምታውቅ ሴት ከጊዜ በኋላ የመገደሏ ዕድል ከ7 እጥፍ በላይ እንደሚጨምር አግኝቷል። በ1999 የታተመ ሌላ የአሜሪካ ጥናት ደግሞ በአሁን ወይም በቀድሞ አጋራቸው ከተገደሉት ሴቶች 76 በመቶው ከመሞታቸው በፊት በነበሩት 12 ወራት ክትትል ይደርስባቸው እንደነበር አሳይቷል። ይህን ቁጥር ገልብጠሽ አታንብቢው። ክትትል የሚደርስባቸው ሴቶች አብዛኞቹ ይገደላሉ ማለት አይደለም፤ ክትትልን «ጊዜ ይፈታዋል» ብሎ መተው እንደማያዋጣ ግን በግልጽ ይናገራል።

እንግዲህ ከላይ ካሉት ምልክቶች አንዱ እንኳ ካለ፣ ከታች ካሉት ምርጫዎች የትኛውንም ብቻሽን አትጀምሪ። ለፖሊስ፣ ለጠበቃ ወይም ጥቃት ለደረሰባቸው ሴቶች መጠለያና ድጋፍ ለሚሰጥ ድርጅት አስቀድመሽ ተናገሪ፤ አንዱ በር ሲዘጋበት ሌላውን ሊሰብር የሚነሣ ሰው አለና። ልብሽ «ይህ ሰው ይጎዳኛል» ካለሽም ማስረጃ እስኪሞላ አትጠብቂ። ከእሱ ጋር የኖርሽው አንቺ እንጂ መካሪዎችሽ አይደሉም።

አንድ የመጨረሻ መልእክት ወይስ ምንም አለማለት?

እስካሁን በግልጽ ካልነገርሽው አንድ መልእክት ይገባዋል። ካሁን በፊት ከነገርሽው ግን ሁለተኛው «የመጨረሻ» መልእክት የመጀመሪያውን ያፈርሰዋል፤ ዝም በዪ።

«አሁን ለፍቅር ዝግጁ አይደለሁም» የሚለው አነጋገር ጨዋ ይመስላል። ለሚጠብቅ ሰው ግን ቀጠሮ ነው፤ «አሁን» የምትለዋ ቃል ሌላ ቀን አለ ትለዋለች። «አንተ ጥሩ ሰው ነህ፣ ችግሩ ከእኔ ነው» ስትዪው ደግሞ ችግርሽን ሊፈታልሽ ይመጣል። ምክንያት በሰጠሽ ቁጥር የመከራከሪያ ርዕስ ትሰጪዋለሽ። የሚሠራው መልእክት እንዲህ ያለ ደረቅ ነው፦

«ግንኙነታችን አብቅቷል። ከዛሬ ጀምሮ አትደውልልኝ፣ አትጻፍልኝ፣ ወደ ቤቴም ሆነ ወደ ሥራ ቦታዬ አትምጣ፣ በሌላ ሰውም መልእክት አትላክብኝ።»

ሰላምታ የለውም፣ ምክንያት የለውም፣ ይቅርታ የለውም። «አለበለዚያ እከስሃለሁ» የሚል ጭራም የለውም። ልትፈጽሚው ያልወሰንሽው ዛቻ ባዶነቱ በሁለተኛው ቀን ይታወቃል፤ ልትፈጽሚው የወሰንሽውን ደግሞ አስቀድሞ ማስታወቅ አያስፈልግም። መልእክቱ በጽሑፍ ይሁን፣ ቅጂውም ይቀመጥ። ኋላ ነገሩ ሕግ ፊት ቢደርስ ከሚጠየቁት ጥያቄዎች አንዱ «ግንኙነቱን እንደማትፈልጊ ያውቅ ነበር?» የሚል ነው፤ ይህች አንድ መልእክት መልሱን ትሰጣለች።

«አንድ ጊዜ ብቻ ተገናኝተን እንነጋገርና ይብቃ» የሚለውን ጥያቄ በተመለከተ አቋሜ የማያወላዳ ነው፤ አትሂጂ። ሕዝብ ያለበት ቦታ ይሁን ቢልሽም አትሂጂ። ለመለያየት የሁለት ሰው ስምምነት አያስፈልግም፤ ያ ስብሰባ ደግሞ የሚጠራው ፈቃድህን ልጠይቅ ብለሽ እንድትመጪ ነው። ዕቃ መመለስ ካለበት ሌላ ሰው ያድርሰው፣ ወይም ዕቃው ይቅር።

ማገድ ወይስ ክፍት ትቶ አለማየት?

እዚህ ላይ ከብዙ መካሪዎች እለያለሁ። «ብሎክ አድርጊውና ተገላገይ» የሚለው ምክር ለአሰልቺው ሰው ትክክል ነው። ድምፁ ይጠፋል፣ እንቅልፍ ይመለሳል፣ ብዙ ጊዜ ነገሩም በዚያው ያበቃል። የእገዳ ጉድለት የሚታየው ሰውየው የማይተው ዓይነት ሲሆን ነው።

አንደኛ፣ መታገዱን ይደርስበታል። መልእክቱ አልደርስ ሲል፣ ፎቶሽ ሲጠፋበት ይገባዋል፤ ለአንዳንዱ ይህ ራሱ ምላሽ ነው። ከዚያ በአዲስ ቁጥር፣ በሐሰት ስም በተከፈተ ገጽ፣ በኢሜይል ይመጣል። አውስትራሊያ ውስጥ አንድ ትልቅ ባንክ በ2020 መዝገቡን ሲመረምር፣ በሦስት ወር ውስጥ ከ8,000 በላይ ደንበኞቹ በአነስተኛ የገንዘብ ዝውውር ማስታወሻ ላይ ዘለፋና ማስፈራሪያ ያዘለ መልእክት ደርሷቸው አግኝቷል። ሰው ሳንቲም ልኮ ይሳደባል። ሁሉንም ቀዳዳ በእገዳ ለመድፈን የሚሞክር ሰው ቀዳዳ ሲያሳድድ ይውላል።

ሁለተኛው ጉድለት ይበልጥ ያሳስበኛል፤ የሚመጣውን ማየት ይቀራል። ማክሰኞ «ቅዳሜ እመጣለሁ» ብሎ ጽፎ ከሆነ የምታውቂው ቅዳሜ በሩ ሲንኳኳ ነው። ለፖሊስ የምታሳዪው ወረቀትም አይኖርሽም።

ሌላው መንገድ መስመሩን ክፍት ትቶ ድምፁን ማጥፋት ነው። በቴሌግራምም በዋትስአፕም የአንድን ሰው መልእክት ድምፅ አልባ አድርጎ ከፊት ገጽ ማራቅ ይቻላል፤ ይልካል፣ ይከማቻል፣ ስልክሽ አይጮኽም። ዋትስአፕ ላይ የመነበብ ምልክቱን ማጥፋት ትችያለሽ። ቴሌግራም ላይ ግን ንግግሩን ከከፈትሽው ሁለቱ ጭረቶች ይታዩታል፤ ያቺን ሁለት ጭረት ቀኑን ሙሉ አፍጥጦ የሚጠብቅ ሰው እንዳለ አትርሺ። ቴሌግራም ከ2019 ጀምሮ ላኪው የጻፈውን ከሁለቱም ወገን ስልክ በፈለገው ጊዜ እንዲያጠፋ ይፈቅዳል። ዋትስአፕም ከሁለት ቀን ትንሽ በላይ ለሆነ ጊዜ ይፈቅዳል። ስለዚህ ማታ ዝቶ ጠዋት የሚሰርዝ ሰው ከሆነ የማያ ገጹን ፎቶ ቶሎ ማንሣት ግድ ነው። ፎቶው ስሙን ሳይሆን ቁጥሩን፣ ቀኑንና ሰዓቱን ያሳይ። «የኔ ጌታ» ብለሽ የመዘገብሽው ሰው የላከው ዛቻ ከማን እንደመጣ ለዳኛ አይናገርም።

የዚህ መንገድ ጉዳት ግልጽ ነው። መልእክቱን የምታነብ አንቺ ከሆንሽ እያንዳንዱ ቃል ይገባብሻል፤ በሃያኛው ሌሊት እጅሽ ይጽፋል። እኔ የማበልጠው ሁለቱን የሚያጣምረውን ነው። አሮጌው ቁጥር ወደ አሮጌ ስልክ ይገባል፤ ስልኩን የምታምኚው ሰው ይይዛል፤ አንቺ አዲስ ቁጥር አውጥተሽ ለጥቂት ሰዎች ብቻ ትሰጫለሽ። እሱ ወደ ቀድሞው ቁጥር መጻፉን ይቀጥላል፣ ስለዚህ አዲሱን ለማደን የሚያጣድፈው ነገር ይቀንሳል። የሚያነበው ሰው በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ያያል፣ ፎቶ ያነሣል፣ ዛቻ ካለ ብቻ ይነግርሻል። ስልኩን የሚይዘውን ሰው በደንብ ምረጪ። ተናድዶ የሚመልስለት ወንድም ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ አንዲት መስመር ብትወጣው ርግቧ እህሏን አገኘች። የሚያዝንለትም አይሆንም። ደስ የሚለው ሰነፍ መሳይ፣ ቀዝቃዛ፣ ጽሑፍ የማይወድ ሰው ነው።

ቁጥርን ጨርሶ ቀይሮ የቀድሞውን መጣል ግን ከሁሉም ደካማው ምርጫ ነው። ባንክሽና ኢሜይልሽ በዚያ ቁጥር ተመዝግበው ይሆናል፤ የተተወ ቁጥር ደግሞ ከጊዜ በኋላ ለሌላ ሰው ሊሰጥ ይችላል። አዲሱም ቢሆን ከጋራ ጓደኞቻችሁ በአንዱ አፍ ያመልጣል፤ የሳምንታት ጉዳይ ነው።

ማስታወሻው

መስመሩ ተከፈተም ተዘጋም፣ የሆነውን መጻፍ ከምርጫ አይቆጠርም፤ የግድ ነው። የሚረባ ማስታወሻና የማይረባ ማስታወሻ ግን ይለያያሉ። «ዛሬም ያ ሰው አበሳጨኝ፣ ሕይወቴን አመረረው» የሚለው እውነት ነው፤ ለማንም ግን ምንም አያሳይም። ይህን ተመልከቺ፦

«ሰኞ፣ ከቀኑ 7፡40። ከመሥሪያ ቤቱ በር ማዶ ቆሞ ነበር። ጥቁር ጃኬት ለብሷል፣ ብቻውን ነው። አላናገረኝም። የበሩ ጥበቃ አይቶታል። 8፡05 ላይ ሄደ።

ሰኞ፣ ማታ 3፡12። ከማላውቀው ቁጥር ተደወለ። ሳነሣው ድምፅ የለም፣ ሲተነፍስ ይሰማል። 14 ሰከንድ ቆየ። ፎቶ ተነሥቷል።»

ስሜት የለውም፣ ቅጽል የለውም። እንዲህ ያሉ ሠላሳ መስመሮች ሲደረደሩ የሚያዩት ሰው ምንም ማብራሪያ አይፈልግም። ማስታወሻው እሱ ሊከፍተው በማይችለው ቦታ፣ ቢቻል በሌላ ሰው ቤት ወይም እሱ ፈጽሞ በማያውቀው ኢሜይል ውስጥ ይቀመጥ።

አማላጅ መላክ ወይስ ማንንም አለማስገባት?

ነገሩ ሲጀምር የሁሉም ሰው የመጀመሪያ ሐሳብ «አንድ የሚያከብረው ሰው ያናግረው» ነው። ሐሳቡ ክፉ አይደለም፤ ባልተካረረ ነገር ላይ የሠራበት ጊዜም አለ። እኔ ግን ስጠራጠረው እኖራለሁ። አማላጅ ሄዶ ባዶ እጁን አይመለስም። «አልቅሷል፣ ከስቷል፣ አንድ ቃል ብቻ ከአንደበትሽ ልስማ ብሏል» ብሎ ይመጣል፤ አንቺ የላክሽው ሰው የእሱ መልእክተኛ ሆኖ ተመለሰ ማለት ነው። ሳያውቀውም አዲሱን አድራሻሽን፣ የሥራ ሰዓትሽን፣ «እሷም እኮ ደስተኛ አይደለችም» የምትል ወሬ ትቶለት ይመጣል። ጉልበተኛ ዘመድ ልኮ ማስፈራራት ደግሞ ከዚህም ይብሳል፤ ተከሳሹ የእናንተ ወገን ሊሆን ይችላል።

አማላጅ አንድ ትክክለኛ ቦታ አለው። ልጅ ካላችሁ ወይም ያልተከፋፈለ ንብረት ካለ ዝምታ ብቻውን አይሆንም። ያኔ አንድ ሰው፣ የተሻለው ጠበቃ፣ እንደ ፖስታ ሣጥን ይቁም። በጽሑፍ ብቻ፣ ስለ ልጁ ወይም ስለ ንብረቱ ብቻ። «ልጁን ዓርብ በ11 ሰዓት እናቴ ታደርሰዋለች» የሚል መስመር በቂ ነው። «ልጅህ ናፍቆሃል» የሚለውን ሌላ ጊዜ ሌላ ሰው ይጻፈው።

ፖሊስ ወይስ የፍርድ ቤት ትዕዛዝ?

ለረጅም ዘመን ሕግ ይህን ነገር የሚያይበት ዓይን አልነበረውም። አንድ ስልክ መደወል ወንጀል አይደለም፣ መንገድ ላይ መቆም ወንጀል አይደለም፣ አበባ መላክ ወንጀል አይደለም። ወንጀል የሚሆነው ሲደራረብ ነው። የአሜሪካዋ ካሊፎርኒያ በ1990 ማሳደድን በራሱ ወንጀል የሚያደርግ ሕግ በማውጣት ከአገሯ ግዛቶች የመጀመሪያዋ ሆነች። በእንግሊዝና ዌልስ ሰውን ማዋከብን የሚከለክለው ሕግ በ1997 ወጥቶ፣ ማሳደድ በስሙ ተጠርቶ የተጨመረበት በ2012 ነው፤ ሕጉ ቢያንስ ሁለት ጊዜ የተፈጸመ ድርጊት ይጠይቃል። ጃፓን በ2000 ሕግ አወጣች፤ በ2021 ደግሞ በጂፒኤስ መከታተልን ጨመረችበት። በምትኖሪበት አገር እንዲህ ያለ ሕግ ባይኖር እንኳ ቁርጥራጮቹ አብዛኛውን ጊዜ አሉ፤ ዛቻ፣ ያለፈቃድ ቤት መግባት፣ ንብረት ማበላሸት፣ ስም ማጥፋት፣ የግል ፎቶ መበተን። ማስታወሻው የሚጠቅመው እዚህ ነው። ፖሊስ ጣቢያ ገብታ «ያስጨንቀኛል» የምትል ሴትና «በ26 ቀን ውስጥ 31 ጊዜ፣ ከእነዚህ 4ቱ ቤቴ በር ላይ» የምትል ሴት አንድ ዓይነት መስተንግዶ አያገኙም። መሆን አልነበረበትም፣ ግን እንደዚያ ነው።

ፖሊስ ዘንድ መሄድ ፈጣን ነው፤ ዛቻ ወይም ጥቃት ካለ ደግሞ አማራጭ የለውም። ጉዳቱ ጉዳዩ ከእጅሽ መውጣቱ ነው፤ ፍጥነቱም አካሄዱም በሚይዘው መርማሪ ላይ ይወድቃል። የመጀመሪያው መኮንን «የፍቅር ጠብ ነው፣ ታረቁ» ብሎ ቢመልስሽ የሄድሽበትን ቀንና ያናገረሽን ሰው ማዕረግ ጽፈሽ ከፍ ወዳለው ሂጂ። ያች መስመርም ማስረጃ ናት።

እንዳይቀርብሽ የሚያዝ የፍርድ ቤት ትዕዛዝ በብዙ አገር የምትጠይቂው ራስሽ ነሽ፤ የሚጠየቀውም የማስረጃ ክብደት ብዙውን ጊዜ ከወንጀል ክስ ያነሰ ነው። ሰዎች በሁለት ጽንፍ ያዩታል፤ አንዱ ግንብ ነው ይላል፣ ሌላው ተራ ወረቀት። ብራያን ስፒትዝበርግ የተባለ ተመራማሪ በ2002 ብዙ ጥናቶችን ደምሮ ሲያይ፣ እንዲህ ያሉ ትዕዛዞች በአማካይ በ40 በመቶ ያህል አጋጣሚ ተጥሰዋል፤ በ21 በመቶ ገደማ ደግሞ ሁኔታው ከትዕዛዙ በኋላ እንደባሰ ተጎጂዎቹ ተናግረዋል። ስለዚህ ግንብ አይደለም። ዋጋው ሌላ ነው፤ ትናንት ወንጀል ያልነበረውን በርሽ ላይ መቆም ዛሬ የሚያሳስር ያደርገዋል።

እኔ ለመምረጥ የምጠቀምበት መለኪያ እሱ ምን የሚያጣው ነገር አለ የሚል ነው። ሥራ፣ ስም፣ የሙያ ፈቃድ ያለው ሰው ወረቀቱን ይፈራል። ከዚህ በፊት ሌላ ሴት ላይ ተመሳሳይ ትዕዛዝ የጣሰ፣ ወይም «እኔ ከዚህ በኋላ የማጣው ነገር የለኝም» የሚል ሰው አይፈራውም፤ እንደውም ይቆጣበታል። ለእንዲህ ያለው ሰው ትዕዛዙ በሚደርሰው ዕለት አንቺ በተለመደው ቤትሽ እንዳታድሪ። ሁለተኛው መለኪያ ስለ አንቺ ነው። የመጀመሪያዋን ጥሰት በዚያው ቀን ለማመልከት ካልወሰንሽ ትዕዛዙን አትጠይቂ። ሳይቀጣ የታለፈ አንድ ጥሰት ወረቀቱን በእጁ ቀዶ እንደመጣል ነው። አንቺም ከትዕዛዙ በኋላ «ደኅና ነህ?» ብለሽ ከጻፍሽለት ጠበቃው ያንን ለዳኛ ያነባል። ስታስጽፊ ደግሞ በሌላ ሰው በኩል መላክን፣ በኢንተርኔት የሚደረገውን ሁሉና የሥራ ቦታሽን በስም እንዲጨምር ጠይቂ፤ አንዳንዱ ትዕዛዝ ቤትሽን ብቻ ጠቅሶ ያልፋል።

ስልኩን ማጽዳት ወይስ አዲስ መግዛት?

ሳትነግሪው የት እንደዋልሽ ካወቀ የብዙ ሰው ግምት ረቂቅ የስለላ ፕሮግራም ነው። አንዳንዴ እውነት ነው። አብዛኛውን ጊዜ ግን መልሱ ተራ ነው፤ በፍቅር ጊዜ የነገርሽው የይለፍ ቃል፣ በእሱ ኮምፒውተር ላይ ተከፍቶ የቀረ ዋትስአፕ፣ አንድ ምሽት «እንዳትጠፊ» ብሎ ያበራው የአድራሻ ማጋሪያ። ስለዚህ ከግዢ በፊት ምርመራ። ቴሌግራምና ዋትስአፕ መለያሽ የተከፈተባቸውን መሣሪያዎች ዝርዝር በቅንብር ገጻቸው ያሳያሉ፤ የማታውቂውን አስወጪ። የጉግል መለያም እንዲህ ያለ ዝርዝር አለው። አይፎን ከ2022 ጀምሮ ለዚሁ ጉዳይ የተሠራ «ሴፍቲ ቼክ» የሚባል ክፍል አለው፤ ከማን ጋር ምን እንደምትጋሪ ባንድ ቦታ ያሳይና ያቋርጣል። የይለፍ ቃል መቀየር የሚጀመረው ከኢሜይል ነው፤ ሌሎቹ ሁሉ በኢሜይል ስለሚታደሱ። የሚቀየረውም እሱ ነክቶት በማያውቅ ስልክ ላይ ሆኖ ነው።

ስልክን ወደ ፋብሪካ ይዞታው መመለስ አብዛኛውን የስለላ ፕሮግራም ያጠፋል፤ ማስረጃውንም አብሮ ያጠፋል። አዲስ ስልክ ማስረጃውን ባሮጌው ላይ ያቆያል፤ ሆኖም በቀድሞው የይለፍ ቃል የተከፈተ አዲስ ስልክ ያው አሮጌው ስልክ ነው። ገንዘቡ ከተገኘ አዲስ፣ ካልተገኘ መጀመሪያ ፎቶና ቅጂ ወስዶ ማጽዳት። አደገኛ ለሆነው ሰው ግን አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። ዓይኑን በድንገት ስታጠፊበት መታወቁን ያውቃል። መጠለያ ወይም ፖሊስ ለማነጋገር ሌላ ስልክ ተጠቀሚ፣ የቀድሞው ለጊዜው እንዳለ ይቆይ፤ መቼ እንደሚቋረጥ ከሚረዱሽ ጋር ወስኑ።

ቁልፍ እንዳይጠፋ ተብለው የተሠሩ ትንንሽ መከታተያዎችም በቦርሳ ስፌትና በመኪና ወንበር ሥር ይገባሉ። የአፕል ኤርታግ በ2021 ከወጣ በኋላ ይህ ክፉ አጠቃቀሙ ስለበዛ፣ አፕልና ጉግል ከግንቦት 2024 ጀምሮ የሌላ ሰው መከታተያ አብሮሽ ሲንቀሳቀስ አይፎንም አንድሮይድም እንዲያስጠነቅቅ በጋራ አድርገዋል። ማስጠንቀቂያው ከደረሰሽ ዕቃውን አትወርውሪው። ባለበት ፎቶ አንሺው፣ ወደ ቤትሽ ሳይሆን ወደ ፖሊስ ይዘሽው ሂጂ፤ መከታተያው ላይ የታተመው መለያ ቁጥር ባለቤቱን ለማግኘት ይረዳል።

ቤትና ሥራ መቀየር ወይስ መቆየት?

ስለዚህ ብዙ የምለው የለኝም። መቀየር ውድ ነው፣ የሚከፍለውም ያላጠፋው ሰው ነው፤ ይህ ያናድደኛል። ግን የሕይወት ዛቻ ካለ ንዴቱን ወደ ጎን ትተሽ ሂጂ። ከሌለ ባለሽበት ሆነሽ ሰው አስጠንቅቂ፤ የበር ጥበቃው፣ ጎረቤት፣ የሥራ አለቃ ፎቶውን ይዩ። ብዙ ሴቶች ይህን በእፍረት ይደብቁታል፤ ታዲያ እሱ «ባሏ ነኝ፣ የት ገባች?» ብሎ ሲጠይቅ ጥበቃው በትሕትና ቢሮዋን ያሳየዋል። ከሄድሽ ደግሞ በድብቅ ሄዶ በግልጽ መኖር አይሆንም፤ አዲሱ ግቢ በስተጀርባ የሚታይበት አንድ ፎቶ የብዙ ወር ወጪ ያበላሻል።

ያቺ ሴት ከዚያች ሌሊት በኋላ ቁጥሯን በአሮጌ ስልክ ላይ አድርጋ ለታላቅ እህቷ ሰጠች። እህቷ ነገረ ሥራዋ ቀዝቃዛ ነው፤ የሰው መልእክት ቀርቶ የራሷንም አንብባ አትመልስም። መጀመሪያ በቀን አርባም ሃምሳም ይመጣ ነበር። በሁለተኛው ወር ዛቻ ሲጨመርበት ፎቶዎቹ በሙሉ ተሰብስበው ለፖሊስ ቀረቡ፤ ተጠርቶም ተነገረው። በአምስተኛው ወር በሳምንት አንድ ሁለት ሆነ፣ ከዚያ የበዓል መልካም ምኞት ብቻ። ካለፈው ዓመት ወዲህ ምንም አልገባም። እህቷ ግን አሁንም ቅዳሜ ቅዳሜ መሳቢያውን ከፍታ ስልኩን ቻርጅ ታደርገዋለች።